ድረ ገጽ በእጅ ስልክ ካልተከፈተ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)








የምሥረታ በዓል ሲከበር የተሠራው መጋዘን፣ የተገዛው የጭነት መኪና፣ ለአባላት የተከፋፈለው ትርፍ ይቆጠራል፤ መቆጠሩም ተገቢ ነው። የዚህ ንግግር ርእሰ ጉዳይ ግን በእያንዳንዱ አባል ኪስ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት፤ የእጅ ስልክ። ዩኒየኖች፣ ሆቴሎች፣ ፋብሪካዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በኢንተርኔት ላይ የሚያወጡት መረጃ በዚህች ዕቃ ላይ በቀላሉ ካልተነበበ ለአርሶ አደሩም ለነጋዴውም እንዳልወጣ ይቆጠራል። አባቶች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳሉት ይሆናል።

1. የጉዳዩ ምንነት

ድረ ገጽ ማለት በኢንተርኔት ላይ አድራሻ ያለው፣ ሌትና ቀን በሩ የማይዘጋ ቢሮ ማለት ነው። ፈላጊ ሰው አድራሻውን ጽፎ ወይም በጉግል ፈልጎ ይገባና ዋጋ ያያል፣ ምርት ይመርጣል፣ ስልክ ቁጥር ይወስዳል። ችግሩ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚዘጋጀው ሰፊ መስኮት ባለው ኮምፒዩተር ላይ መሆኑ ነው። አዘጋጁም፣ ሥራውን ተረክቦ የሚፈርመው ኃላፊም በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ አይተውት «ያምራል» ይላሉ። ያው ገጽ በእጅ ስልክ ሲከፈት ፊደሉ እንደ ጤፍ ፍሬ ያንሳል፤ ሠንጠረዡ ከመስኮቱ ውጭ ይቀራል፤ አንባቢው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጎተተ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ይደክማል። «አግኙን» የሚለውን ሲነካ ጣቱ አጠገቡ ያለውን ሌላ ቃል ይነካና ያልፈለገው ቦታ ይገባል። ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ሦስተኛ አይሞክርም።

በዓለም ላይ ኢንተርኔትን በእጅ ቀፎ መጠቀም በኮምፒዩተር ከመጠቀም የበለጠው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ነው። በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከዚህም ይጠልቃል። በአውሮፓና በአሜሪካ ሰው በመጀመሪያ ኮምፒዩተር ለምዶ ኋላ ወደ ስልክ ተሻገረ። በእኛ አገር ግን አብዛኛው ሰው ኮምፒዩተርን ሳይነካ ኢንተርኔትን በስልክ ጀመረ። የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥር ከ80 ሚሊዮን አልፏል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛው አገልግሎት ሰጪ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። እንግዲህ ለኮምፒዩተር ብቻ የተሠራ ድረ ገጽ ደንበኛው በሚመጣበት መንገድ ላይ በር የሌለው ቤት ነው።

2. በደጋው አርሶ አደር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መስመር ግራና ቀኝ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይመረታል። ገብስና ባቄላ በጎተራ ይቆያሉ፤ ዋጋ እስኪሻሻል መታገሥ ይቻላል። ድንችና ነጭ ሽንኩርት ግን አያስታግሡም። ከማሳ ከወጡ በኋላ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን ክብደትና ጥራት ይቀንሳል። ስለዚህ አምራቹ የጎንደርን ገበያ ዋጋ ማወቅ የሚያስፈልገው ከመጫኑ በፊት ነው። ከጫነ በኋላ ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል? ምርቱን መልሶ ወደ ቤቱ አይጭነውም፤ በተባለው ዋጋ አራግፎ ይመለሳል።

ደላላው ይህን ያውቃል። ገና ጎሕ ሳይቀድ ለሦስት ሰው ደውሎ የጎንደርን፣ የባሕር ዳርንና የአዲስ አበባን ዋጋ ይዟል። ወደ አምራቹ ሲመጣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጉልበት ወይም የብልጠት አይደለም፤ የመረጃ ነው። ለምሳሌ በአንድ ኩንታል 300 ብር ልዩነት ቢኖር ስምንት ኩንታል ያለው ገበሬ 2,400 ብር በአንድ ጠዋት ያጣል። ይህ ገንዘብ ለልጅ ደብተርና ልብስ፣ ለመጪው መኸር ግብዓት ቅድመ ክፍያ የሚሆን ነው።

ዩኒየን የተቋቋመው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው። ነገር ግን ዩኒየኑ የተሻለ የመግዣ ዋጋ ቆርጦ ዜናው ወደ ቀበሌ ሳይደርስ ሦስት ቀን ከዘገየ አባሉ ምርቱን ለሌላ ሸጦ ያድራል። ከዚያ በኋላ «አባላት ለማኅበራቸው አይሸጡም» ተብሎ በጠቅላላ ጉባኤ ይወቀሳሉ። አባሉ ግን የማኅበሩን ዋጋ መቼ ሰማ?

የግብዓት አቅርቦትም እንዲሁ ነው። ማዳበሪያ ወይም ምርጥ ዘር ደርሷል አልደረሰም የሚለውን ለማወቅ ብቻ ግማሽ ቀን በእግር ተጉዞ መጋዘን በር ላይ «ገና ነው» ተብሎ የሚመለስ ገበሬ ብዙ ነው። በእርሻ ወቅት የባከነ ቀን ዋጋው ከባድ ነው። ይህን አንድ መስመር ጽሑፍ ያስቀረው ነበር።

3. ከአገራችን የተገኘ ትምህርት

መረጃ በስልክ ሲቀርብ ገበሬው እንደሚጠቀምበት የታየው በውጭ አገር ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዕለቱን ዋጋ በገበያ ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ብቻ አልወሰነም። በ929 ለሚደውል ሁሉ በድምፅ አሰማ፤ በአጭር መልእክትም ላከ። ሰሊጥ በሚያመርተው የመተማና የሁመራ አካባቢ ያለ አምራች የአዲስ አበባውን ዋጋ በዚያው ዕለት እንዲያውቅ መንገድ ተከፈተለት። ዋጋው የተነገረው አምራቹ በእጁ በያዘው ቀፎ ነበርና ኮምፒዩተር ፍለጋ መሄድ አላስፈለገውም።

በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ የ8028 የአርሶ አደሮች ነፃ የስልክ መስመር ከፈተ። ደዋዩ የሚፈልገውን ሰብል በቁጥር ይመርጣል፤ ስለ መሬት ዝግጅት፣ ስለ ዘር መጠን፣ ስለ ማዳበሪያ አጨማመር በቋንቋው ይሰማል። መስመሩ ሲጀመር ቋንቋዎቹ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ነበሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደዋዮቹ በሚሊዮን ተቆጠሩ። የስንዴ ዋግ የመሰለ በሽታ ሲከሰትም ማስጠንቀቂያ በስልክ ይላክ ነበር።

ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች ሦስት ነገር መማር ይቻላል። አንደኛ፣ መረጃው ገበሬው በያዘው ቀፎ ልክ ተሰፍቷል። ሁለተኛ፣ በሚሰማው ቋንቋ ቀርቧል። ሦስተኛ፣ አጭር ነው፤ ደዋዩ የሚፈልገውን ብቻ መርጦ ይሰማል። ድረ ገጽም ለስልክ ተስማሚ ነው የሚባለው እነዚህን ሦስቱን ሲያሟላ ነው።

ገንዘብም ወደ ስልክ ገብቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኢንተርኔት የሌለው ተራ ቀፎ የያዘ ሰው እንኳ *127# ብሎ ገንዘብ ይልካል፣ ይቀበላል። በጎረቤት ኬንያ ኤምፔሳ ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ወደ ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. ገብቷል። ገንዘቡን በስልኩ የሚያንቀሳቅስ አባል የዩኒየኑን ዋጋ በስልኩ ማንበብ ካልቻለ ጉድለቱ የአባሉ ሳይሆን የአቅራቢው ነው።

4. የጎንደር ከተማ ንግድና የገዢው ፍለጋ

ጉዳዩ የአርሶ አደሩ ብቻ እንዳይመስል የከተማውን ነጋዴ ማየት ይገባል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የፋሲል ግቢ ደግሞ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የጥምቀት በዓልም እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ፣ የውጭ ዜጋም ሆነ ከውጭ አገር የሚመለስ ወገን፣ ማደሪያ የሚፈልገው በመንገድ ላይ ሳለ በእጁ በያዘው ስልክ ነው። የሆቴሉ ገጽ ካልተከፈተለት ወደ ሌላ ሆቴል ወይም ወደ ውጭ አገር አስያዥ ድርጅት ገጽ ይሄዳል። እንዲህ ያሉ አስያዦች ብዙውን ጊዜ ከመቶ 15 ያህል ኮሚሽን ይወስዳሉ። የሆቴሉ ባለቤት ለራሱ ገጽ ባለመጠንቀቁ በየአልጋው ላይ ግብር የሚከፍል ያህል ነው። በደባርቅ ያለ አስጎብኚ፣ በቅሎ አከራይና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤትም በዚሁ ሚዛን ላይ ነው። ሆቴሉ እንግዳ ሲያጣ ደግሞ የወገራው ድንችና እንቁላል፣ የዳባቱ ሥጋና ቅቤ ገዢ ያጣል።

ጉግልን በተመለከተ ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 ድረ ገጾችን የሚመዝነው በስልክ ላይ በሚታዩበት መልክ እንደሚሆን አስታወቀ፤ ለውጡንም በ2023 አጠናቀቀ። ስለዚህ በኮምፒዩተር ላይ ያማረ፣ በስልክ ላይ ግን ጽሑፉ የተቆረጠ ገጽ በፍለጋ ውጤት ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። በአዲስ አበባ ያለ የምግብ ፋብሪካ ግዢ ሠራተኛ «የጎንደር ነጭ ሽንኩርት አቅራቢ» ብሎ ቢፈልግና ዩኒየኑን ባያገኝ ምርቱ ስለሌለ አይደለም፤ ስላልታየ ነው።

የቡና አምራቾች ይህን ቀደም ብለው ተረድተውታል። በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ቡናውን በቀጥታ ለውጭ ገዢዎች በመሸጥ ስሙን አስጠርቷል። ገዢው አምራቹን በስም፣ በአካባቢና በጥራት ሲያውቀው ዋጋው ይለያል። የደጋው የቢራ ገብስ፣ ባቄላና ማርም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ገዢው ምርቱ የት እንደሚገኝ፣ ስንት ኩንታል እንዳለ፣ ማንን እንደሚያነጋግር በአንድ ደቂቃ ማወቅ አለበት።

5. ተስማሚ ገጽ ምን ምን ያሟላል?

ይህ ክፍል ሥራውን ለሚያሠሩ ኃላፊዎችና ለኮሚቴ አባላት መመዘኛ እንዲሆን ተዘርዝሯል። ድረ ገጽ የሚሠራው ባለሙያ የሚሰጠውን ሥራ በእነዚህ ነጥቦች መርምሮ መረከብ ይቻላል።

ሀ. ስፋቱ። ገጹ በቀፎው ስፋት ልክ ራሱን ማጠፍ አለበት። በኮምፒዩተር ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሦስት ዓምዶች በስልክ ላይ አንዱ ከሌላው ሥር ይደረደራሉ። አንባቢው ከላይ ወደ ታች ብቻ ያወርዳል፤ ወደ ጎን አይጎትትም። ለዚህ ሁለት ድረ ገጽ መሥራት አያስፈልግም። ራሱን ከመስኮቱ ጋር የሚያስማማ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዓለም የታወቀ ነው።

ለ. ክብደቱ። የገጽ ክብደት የሚለካው በሜጋ ባይት ሲሆን የሚከፈለውም ከአንባቢው ካርድ ነው። የመክፈቻ ሥርዓት ትላልቅ ፎቶግራፎች የተደረደሩበት ገጽ 5 ሜጋ ባይት ሊደርስ ይችላል። በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት ብቻ በሚያሳልፍ የሸለቆ መስመር ላይ ይህን ለመክፈት 400 ሰከንድ፣ ማለትም ከስድስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ያንኑ መረጃ በ200 ኪሎ ባይት ቢያቀርቡት 16 ሰከንድ ይበቃዋል። አንድ ሺህ አባላት አንድ አንድ ጊዜ ቢከፍቱት በመጀመሪያው 5,000 ሜጋ ባይት፣ በሁለተኛው 200 ሜጋ ባይት ይወጣል። ልዩነቱ ከአባላት ኪስ የሚሄድ ነው። ፎቶግራፍ ይኑር፤ ነገር ግን አሳንሶ ማስቀመጥ ይገባል።

ሐ. ፊደሉ። ቀደም ባሉት ዓመታት በቢሮ ኮምፒዩተር የተጻፉ ብዙ የአማርኛ ሰነዶች የየራሳቸው ፊደል ባላቸው የቆዩ ፕሮግራሞች የተዘጋጁ ናቸው። እነዚህን እንዳሉ ወደ ድረ ገጽ ሲገለብጧቸው በስልክ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ገብቷል። ጽሑፉ በዩኒኮድ ከተጻፈ ዘመናዊ ቀፎ ሁሉ ያነበዋል፤ ጉግልም ያገኘዋል።

መ. ዋጋው በጽሑፍ ይሁን። ብዙ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያውን በደብዳቤ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ያንን በፎቶ ወይም በፒዲኤፍ ይለጥፋል። ደብዳቤው በመስኮቱ ላይ ጥፍር አክሎ ይታያል። ማኅተሙ ለመዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ ለአንባቢው ግን ዋጋው በቀጥታ ይጻፍ። የምርቱ ዓይነት፣ ደረጃው፣ የኩንታል ዋጋው፣ የመረከቢያው ቦታ፣ ዋጋው የሚጸናበት ቀን ይቀመጥ። ቀን የሌለው ዋጋ ከውሸት አይለይም፤ የአምናውን የዘንድሮ ነው ብሎ የመጣ ገበሬ ዳግመኛ ገጹን አያምንም።

ሠ. ስልክ ቁጥሩ። ከገጹ አናት ላይ ይሁን፤ ሲነኩት የሚደውል ይሁን። ቁጥሩን በወረቀት ገልብጦ መደወል የሚገደድ ደንበኛ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ቁጥሩንም የሚያነሣ ሰው ይመደብ።

ረ. ቁልፉና ቀለሙ። ገበሬ ስልኩን የሚያነበው በአመዛኙ በፀሐይ ላይ ነው፤ ጣቱም በሥራ የደደረ ነው። ነጭ ላይ ጥቁር ፊደል፣ ጎላ ያለ ጽሑፍ፣ ተራርቀው የተቀመጡ ሰፋፊ ቁልፎች ያስፈልጋሉ። ግራጫ ላይ ቢጫ ለጌጥ ያምር ይሆናል፤ በማሳ ላይ ግን አይነበብም።

ሰ. የአባላት ምስጢር። የአባላትን ስም፣ ስልክ፣ የብድር መጠንና የእርሻ ስፋት ለሁሉም በሚታይ ገጽ ላይ መለጠፍ አይገባም። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ ከአዋጁም በፊት ቢሆን የሰው ገመና መጠበቅ የኅብረት ሥራ ሥነ ምግባር ነው።

የመጨረሻው መፈተኛ ቀላል ነው። ድረ ገጹን ከመረከብ በፊት የኮሚቴው አባላት በገበያ ካለው ርካሹን ስማርት ስልክ ይዘው መስመሩ ደካማ ወደሆነ ቀበሌ ይውጡ። ገጹን ቀድሞ አይቶት ለማያውቅ አንድ አባልና ለአንዲት አባል ይስጡ። «የዛሬውን የገብስ ዋጋ ፈልጉ» ይበሉና ዝም ብለው ይመልከቱ። በአንድ ደቂቃ ካገኙት ሥራው ተሠርቷል። ካላገኙት ክፍያው ይቆይ።

6. ሲነሡ የሚሰሙ ጥያቄዎች

«አባሎቻችን ስማርት ስልክ የላቸውም» የሚል አለ። ብዙዎች እንደሌላቸው እርግጥ ነው። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ተማሪ ልጅ ቢይዝ ለአባቱና ለእናቱ ያነባል፤ በአንድ የልማት ቡድን ውስጥ አንድ ሰው ቢያነብ ለሁሉም ይነግራል። ተራ ቀፎ ብቻ ላለው ደግሞ አጭር መልእክት ይላክለት። እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ነገር መታወቅ አለበት። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አጭር መልእክት 160 ሆሄያት ሲይዝ በአማርኛ የሚጻፈው 70 ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ተከፍሎ ሁለት መልእክት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ አጻጻፉ ቁጥብ ይሁን። «ዳባት መጋዘን፦ ዩሪያ ገብቷል። ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ይወሰዳል። መታወቂያ ይዛችሁ ኑ።» የሚለው ክፍተቱን ጨምሮ 52 ሆሄያት ነው። «ለተከበራችሁ አባሎቻችን በሙሉ እንደሚታወቀው» ብሎ የጀመረ ግን ቁም ነገሩን ሳይናገር ግማሹን ይጨርሳል።

የሴቶችም ጉዳይ አለ። በብዙ ቤት ስልኩ በባል ኪስ ውስጥ ነው። ቤቷን ብቻዋን የምታስተዳድር ሴት አባል ደግሞ መልእክቱን የሚያነብላት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በጽሑፍ የወጣው ሁሉ በድምፅም የሚሰማበት መንገድ ይታሰብ። ማኅበራት የአባላትን ስልክ ሲመዘግቡም የሴት አባላትን ቁጥር በራሳቸው ስም ይመዝግቡ።

«ፌስቡክና ቴሌግራም አለን፤ ድረ ገጽ ለምን?» የሚሉም አሉ። ቴሌግራምና ፌስቡክ ለማሰራጨት ጥሩ ናቸው፤ እንደ ገበያ ጥሪ ናቸው። ነገር ግን ሰኞ የወጣው ዋጋ ረቡዕ ላይ በሌላ መልእክት ተቀብሮ ይገኛል። ገጹን የከፈተው ሠራተኛ ሲለቅ የይለፍ ቃሉን ይዞ ከሄደ ተከታዮቹ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። ድረ ገጽ የዩኒየኑ የራሱ ንብረት ነው፤ አድራሻው በዩኒየኑ ስም ይመዘገባል፣ የይለፍ ቃሉም እንደ ካዝና ቁልፍ በርክክብ ሰነድ ይያዛል። ጥሪው በቴሌግራም ይነገር፤ ዕቃው በድረ ገጹ ይቀመጥ።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ለሚለው፣ ዋጋውን ብቻ በየቀኑ የምታሳይ፣ አምስት ገጽ የማትሞላ ቀላል ድረ ገጽ ከብዙ ጌጥ የተሻለች ናት፤ ወጪዋም አነስተኛ ነው። በጎንደርና በደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የኮምፒዩተር ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚሠሩት ሥራ ለአካባቢያቸው ዩኒየን ቢሆን ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ከመሥራት ይልቅ ከባዱ በየቀኑ ማደስ ነው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ዋጋ የሚያስገባው ሠራተኛ በስም ተለይቶ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍለት።

7. መስመር ሲቋረጥ

በክልላችን ይህን ጉዳይ ሲያነሡ የመስመር መቋረጥን ሳይጠቅሱ ማለፍ ሐቅን መሸሸግ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በዚያ ጊዜ በቴሌግራምና በድረ ገጽ ብቻ ይሠራ የነበረ ሁሉ ከደንበኛው ጋር ተለያየ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ኢንተርኔትን መተው አይደለም። ገበሬ አንድ ዓይነት ሰብል ብቻ ዘርቶ ውርጭ ቢመታው እንደሚራብ ሁሉ መረጃም በአንድ መንገድ ብቻ ከተላለፈ አደጋ አለው።

ስለዚህ አንድ ዋጋ በአራት መንገድ ይውጣ፤ በድረ ገጹ፣ በአጭር መልእክት፣ በድምፅ ጥሪና በመሠረታዊ ማኅበሩ በር ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ። አራቱም ከአንድ መዝገብ ይቀዱ። በሰሌዳው ላይ አንድ ዋጋ፣ በስልክ ሌላ ዋጋ ከተነበበ አባሉ ሁለቱንም አያምንም። መስመሩ ቀጭን በሆነ ጊዜ ደግሞ ቀላሉ ገጽ ይከፈታል፤ ከባዱ ግን እየተንከባለለ ይቀራል።

8. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ለዚህ ጉባኤ አራት ሐሳቦች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ ዩኒየኑ ከመጪው የምርት መሰብሰቢያ ወቅት በፊት የራሱን ድረ ገጽ በርካሽ ስማርት ስልክ አስፈትሾ፣ ከላይ በተዘረዘሩት ነጥቦች መዝኖ ያስተካክል። ከሌለው በእነዚሁ ነጥቦች መሠረት ያሠራ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የአባላቱን ስልክ ቁጥር፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ በፈቃዳቸው ይመዝግብ፤ መዝገቡም በጥንቃቄ ይያዝ።

ሦስተኛ፣ የዞንና የወረዳ ግብርና፣ ንግድ፣ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ማስታወቂያቸውን በማኅተም ፎቶ ብቻ ሳይሆን በሚነበብ ጽሑፍ ያውጡ። ድረ ገጽ ሲያሠሩም «በእጅ ስልክ ላይ ተፈትሾ የሚረከብ» የሚል ቃል በውሉ ውስጥ ይግባ።

አራተኛ፣ የቁጥጥር ኮሚቴው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሲቀርብ «የመግዣ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ አባሉ ጋር ለመድረስ ስንት ቀን ፈጀ?» የሚለውን ጥያቄ ይመልስ። መጋዘን በካሬ ሜትር፣ መኪና በኩንታል እንደሚለካ ሁሉ መረጃም በሰዓት ይለካል።

ዩኒየን የብዙ ትንንሽ ጉልበቶች ድምር ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በኅብረት ሥራ መድረክ ሁሉ ይነገራል። ድሩ የሚያብረው ግን አንዱ ክር ሌላውን ሲነካ ነው። በጃናሞራ ተዳፋት ላይ ገብስ የሚያጭድ አባልና በጎንደር ቢሮ ዋጋ የሚቆርጥ ሥራ አስኪያጅ በዚያው ዕለት አንድ ነገር ካወቁ ክሩ ተነካክቷል ማለት ነው። መሣሪያው ከአባሉ ኪስ ገብቷል፤ ገዝቶ የከፈለበትም ራሱ ነው። የቀረው ዩኒየኑና ነጋዴው ቢሯቸውን በዚያች ትንሽ መስኮት ልክ መክፈት ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል! መጪው መኸር የጥጋብ፣ ገበያውም የሰላም ይሁን!